የሰባተኛው ክንፍ አየር

ይህን የምጽፈው ታዝዤ አይደለም። በከተማችን ሳይታዘዝ የሚጽፍ ሰው ቀለም አባካኝ ይባላል። ቢሆንም የማንጠግቦሽን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬም እየገፋ ስለሆነ፣ የሆነውን እንደሆነ አስቀምጬው ልሂድ።

ከተማችን በጠፈር መካከል የተንጠለጠለች ናት። ተንጠለጠለች ስል ከምንም ነገር ላይ አይደለም። ከግድግዳዋ ውጭ አየር የለም። ያለን አየር ቅድመ አያቶቻችን ይዘውት የመጡት ነው፤ እሱኑ ስንተነፍስ፣ ስናጣራ፣ መልሰን ስንተነፍስ እዚህ ደርሰናል። ክብደት የሚባል ነገር ስለሌለ በየግድግዳው የተዘረጋውን ገመድ እየያዝን፣ እየቀዘፍን እንሄዳለን። ስንተኛ ግድግዳ ላይ በታሰረ ከረጢት ውስጥ እንገባለን። "ቁጭ በል" የሚለው አነጋገር ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ቀበቶህን እሰር ማለት ነው።

እኔ የከሰል ማጣሪያ ለዋጭ ነበርኩ። ማንጠግቦሽ ደግሞ የአየር አስሊ ነበረች። በአንድ ቀን ነው ሥራ የጀመርነው። ቀጠን ያለች፣ ቶሎ የማትስቅ፣ ከሳቀች ደግሞ ቶሎ የማታቆም ልጅ ነበረች። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ከዚህ ሁሉ የቀራት ቀጠን ማለቷ ብቻ ነበር።

ስሌቱን የሠራችው እሷ ናት። ስሌቱ ማለት እንዲህ ነው፤ በየክንፉ፣ ማለት በየሰፈሩ፣ ስንት ሰው እንዳለ፣ ምን እንደሚበስል፣ ምን ሙጫ እንደሚቀባ፣ ስንት ማጣሪያ እንደሚሠራ ይነገረዋል። እሱም አየሩ ምን ያህል እንደሚቆሽሽ አስቦ ማራገቢያዎቹን ያፈጥናል፣ ወይም ያዘገያል። ከስሌቱ በፊት ይህን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እያሸተቱ። ማንጠግቦሽ ስሌቱን ስትጀምር ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አለቃዋም በሳምንት ውስጥ አድርሺ አላት። በሳምንት የማይደርስ ነገር ስለነበረበት አንድ ቦታ ላይ በአቋራጭ ሄደች፦ በአንድ ክንፍ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ እንደተማሰለ ወጥ እኩል የተደባለቀ ነው ብላ ጻፈች። ከጎኑም በትንሽ ፊደል "ለጊዜው" የሚል ቃል አኖረች።

ያ ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀ። በየዓመቱ ላስተካክለው ብላ ታመለክታለች፤ በየዓመቱ የሚሠራ ነገር አይነካም የሚል መልስ ይመጣላታል።

ስሌቱ እያደር ከበረ። የስሌት በዓል የሚባል በዓል ተደነገገለት። በታላቁ አዳራሽ የስሌቱ አባት ሥዕል ተሰቀለ፤ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሠዓሊው አማቱን እያየ ነው የሣለው ሲሉ ሰምቻለሁ። ማንጠግቦሽ በየቀኑ ከሥዕሉ ሥር ታልፋለች። አይከፋሽም ወይ ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃት፣ "ሥራው ከተሠራ ማን ሠራው ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

ድሮ በየክንፉ የአየር መለኪያዎች ነበሩ፤ አርባ ይሆናሉ። አንዳንድ ጊዜ መለኪያው የሚለውና ስሌቱ የሚለው አይገጥምም። ስሌቱ በሕግ የጸና ስለሆነ፣ ተሳሳቱ የተባሉት መለኪያዎች ናቸው። ከስሌቱ ጋር እንዲስማሙ ታረሙ። ሁሉም ከተስማሙ በኋላ ደግሞ፣ ስሌቱ የሚለውን የሚደግም ዕቃ ምን ያደርጋል ተብሎ ከየግድግዳው ተነቀሉ። ማንጠግቦሽ ሳይታረም የቀረ አንድ መለኪያ በቦርሳዋ ይዛ ትዞር ነበር። በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ ዕቃ ነው።

ነገሩ በሆነበት ዓመት የጥሩ እስትንፋስ ሹም አቶ ጉልላት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሰላምታ ይሰጣል፣ የታመመ ይጠይቃል። ለስሌት በዓል ታላቁ አዳራሽ በብዙ መብራት እንዲያሸበርቅ ታዘዘ፤ ለመብራቱ ኃይል ከየት ይምጣ ሲባል ስሌቱ ተጠየቀ። ስሌቱም የሰባተኛው ክንፍ አየር ከሚያስፈልገው በላይ ንጹሕ ነው አለ። የሰባተኛው ክንፍ ማራገቢያዎች በግማሽ ዘገዩ።

ሰባተኛው ክንፍ የሙጫ ሠራተኞች ሰፈር ነው። የከተማችን ግድግዳ በየጊዜው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። እነሱ አንድ ቀን ቢያርፉ ሁላችንም ለዘላለም እናርፋለን።

በሦስተኛው ሳምንት እናኑ የምትባል የሙጫ ሠራተኛ ማንጠግቦሽ ቢሮ መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጣቶቿ ሙጫ ጠጥተው እንደ ቀንድ ደርቀዋል። እኔ ማጣሪያ እየለወጥኩ እዚያው ነበርኩ።

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አየሩ ከበደን" አለች።

"እንዴት ነው የከበዳችሁ?"

"ስንነሳ ራሳችንን ሊፈልጠን ይደርሳል። ቢያድግልኝ፣ ባለቤቴ፣ ትናንት ከእንቅልፉ ነቅቶ ስሜ ጠፋው። ስሜን እኮ ነው! ሲስቅ ቆየና ቀስ ብሎ መጣለት። ለክንፋችን አለቃ ብንነግር ራስ ምታት የሚባል ነገር ከመዝገብ ወጥቷል አለን። አሁን የሚባለው የሐሳብ ክብደት ነው አሉ።"

ማንጠግቦሽ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት፤ እኔም ተከተልኩ።

በመተላለፊያው መካከል መለኪያውን ዘረጋችው። ደህና ነው። ስሌቱ ያለውን ነው ያለው። እናኑ ፊቷ ወደቀ፤ ውሸታም የተባለች መሰላት። ማንጠግቦሽ ግን ከፈረቃ የተመለሱ ሰዎች ወደተኙበት ጥግ ቀዘፈች። ቢያድግልኝ እዚያ ከረጢቱ ውስጥ ተኝቷል፤ ፊቱ ከግድግዳው ጋር ሊገጥም ትንሽ ቀርቶታል። መለኪያውን አፍንጫው አጠገብ አቀረበችው። መርፌው ሄደ፣ ሄደ፣ ከመጨረሻው ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

በክብደት አገር ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል ይባላል። እኛ ዘንድ ላይም ታችም ስለሌለ የተነፈስከው የተቃጠለ አየር የትም አይሄድልህም። ነፋስ ካልወሰደው ፊትህ ላይ እንደ ትራስ ይቀመጣል። አንተም እሱኑ መልሰህ ትስባለህ።

ማንጠግቦሽ መርፌውን ብዙ ጊዜ አየችው። "እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። እናኑ አልገባትም። እኔ ገባኝ።

በማግስቱ አቶ ጉልላት ዘንድ ቀረበች። ሹሙ ቀበቶውን አስሮ ግንባሩን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

"ስሌቱ ምን ይላል?" አለ፣ ሰምቶ ሲጨርስ።

"ደህና ነው ይላል፣ ክቡር ሹም።"

"እንግዲያስ?"

"ስሌቱ ተሳስቷል። አየሩ ሁሉ እኩል ይደባለቃል ብሎ ነው የሚነሳው። አይደባለቅም። ማራገቢያው ሲዘገይማ ጭራሽ አይደባለቅም። የሰው ፊት ያለበት ቦታና የመተላለፊያው መካከል አንድ አይደሉም።"

"ይህን ከየት አመጡት?"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

አቶ ጉልላት በመስኮቱ ወደ ታላቁ አዳራሽ፣ ወደ ባለ ጢሙ ሽማግሌ ተመለከተ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ "ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ደክሞዎታል። እኔንም ሰሞኑን ሐሳብ ከብዶኛል። አጣሪ እልካለሁ" አላት።

አጣሪዎች መጡ። እንግዳ ስለመጣ ማራገቢያዎቹ ለክብራቸው ሙሉ በሙሉ ተለቀቁ። በመተላለፊያው መካከል ሆነው በረጅሙ ተነፈሱ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጻፉ። የጻፉት እንዲህ የሚል ነው፦ "አየሩ እንከን የለውም። ሆኖም የሰባተኛው ክንፍ ነዋሪዎች ከአማካይ በላይ እንደሚተነፍሱ ታዝበናል።"

ስለዚህ አማካይ ሰው ተላከላቸው። በከተማችን አማካይ ሰው የሚባል ሹመት አለ። ስሌቱ ውስጥ አንድ ሰው በቀን ይህን ያህል ይተነፍሳል ተብሎ ተጽፏል፤ ልክ ያን ያህል የሚተነፍስ ሰው ተፈልጎ ደጉ የሚባል ምግብ አብሳይ ተገኘ። ከተሾመ ወዲህ እንዳይሮጥ፣ እንዳይጣላ፣ ብዙ እንዳይስቅ ተከልክሏል። ብቻውን ነው የሚኖረው። ምስኪን ሰው ነበር። መጥቶ ሰውን ሰብስቦ እንዴት እንደሚተነፈስ አሳየ፤ "ቀስ... አዎ... አትቸኩሉ" እያለ። ትምህርቱ ሲያልቅ ደክሞት ጥጉ ላይ አሸለበ። ሲቀሰቅሱት የት እንዳለ አላወቀም፤ አለቀሰም። ተሸክመው ወሰዱት። በሳምንቱ አማካይ ሰው ከአማካይ በታች ስለወረደ ተሽሯል የሚል ማስታወቂያ ወጣ።

ማንጠግቦሽ አመለከተች። ደግማ አመለከተች። ማመልከቻ በበዛ ቁጥር ጸሐፊዎች ስለሚደክሙ፣ ሲደክሙም አብዝተው ስለሚተነፍሱ፣ በሦስተኛው ማመልከቻዋ ላይ አየር በማቆሸሽ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ለበዓሉ ግድግዳው እንከን እንዳይኖረው የሙጫ ሠራተኞች በሁለት ፈረቃ እንዲሠሩ ታዘዙ። ቢያድግልኝ አንድ ቀን ሁለቱንም ፈረቃ ሠርቶ ገብቶ ተኛ። እናኑ ሥራ ላይ ነበረች። ስትመለስ፣ ፊቱ ወደ ጥጉ እንደዞረ፣ ቀዝቅዞ አገኘችው።

ጩኸቷን ሰምተን ደረስን። ሴቶቹ ይዘዋታል፤ እሷ ግን አታለቅስም፤ "ቀስቅሱት፣ ፈረቃ አለበት፣ ቀስቅሱት" ትላለች። ማንጠግቦሽ መለኪያውን አውጥታ ወደ ፊቱ አቀረበች። ለምን እንዳደረገችው እንጃ፤ ልማድ ይሆናል። መርፌው እንደ ያኔው ሄዶ ተጋጨ። ሰውየው ሄዷል፤ እስትንፋሱ ግን እዚያው ጥግ ቆሞ ነበር። የሚወስደው ነፋስ አላገኘም።

የሞት መዝገባችን ሦስት ምክንያቶች አሉት፤ እርጅና፣ መውደቅ፣ በገዛ ፈቃድ። ቢያድግልኝ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። በከተማችን መውደቅ አይቻልም። ስለዚህ በገዛ ፈቃዱ ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ ደግሞ የሞተ ሰው ከስሌቱ መቀነስ አለበት። ይህ የማንጠግቦሽ ሥራ ነው። ቢሮዋ ገብታ ከሰባተኛው ክንፍ አንድ ሰው ቀነሰች። ስሌቱም አንድ እስትንፋስ ስለጎደለ የሰባተኛው ክንፍ አየር ተሻሽሏል አለ። ተሻሽሏል ባለውም ልክ ማራገቢያዎቹን ቀነሰ። ብዙ አይደለም፤ ሌላ ሰው አይሰማውም። እሷ ግን ያንን ድምፅ ሠላሳ አንድ ዓመት ስታዳምጥ ኖራለችና ዝቅ ሲል ሰማችው። በኋላ ስትነግረኝ፣ "በእጄ ነው ዝቅ ያደረግኩት" አለችኝ።

ብዙ ቆይታ ወደ መዝገቡ ተመለሰች። ቢያድግልኝ በነበረበት መስመር ላይ አንድ ስም ጻፈች፤ የሌለ ሰው ስም። ማራገቢያው ወደነበረበት ተመለሰ። ሌላ ጻፈች። ሌላ። አሥር ሲሞሉ ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አስጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

"ስም አለቀብኝ" አለች።

"የምን ስም?"

"የአክስቶቼን፣ የጎረቤቶቼን፣ ያስተማሩኝን ሁሉ ጨረስኩ። ሁለት መቶ አሥር ደርሻለሁ። ሦስት መቶ ካልሞላ ነፋሱ ጥጉ ጋ አይደርስም። አስቤዋለሁ።"

"ማንጠግቦሽ፣ ይህ እኮ..."

"ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አየሩን ከለከሉኝ። ስሌቱ የሚሰማው የሰው ቁጥር ብቻ ነው፤ በሚሰማው ልንገረው። ስም አለህ ወይስ የለህም?"

አብረውኝ የተማሩትን በሙሉ ሰጠኋት። የመጀመሪያ እጮኛዬንም ሰጠኋት።

ማራገቢያዎቹ ነፈሱ። በሰባተኛው ክንፍ የተሰቀለ ልብስ ሁሉ መወዛወዝ ጀመረ። ሰዎች ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ዝም ብለው ይተያዩ ነበር፤ ራሳቸውን የማያማቸው መሆኑን ለማመን ፈርተው። እናኑ በመተላለፊያው ላይ አገኘችኝና፣ "ክንፉ ተነፈሰ እኮ" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ "ሁለት ሳምንት ቀደም ቢል ምናለ" አለችና ፊቷን አዞረች።

የሌሉት ሰዎች ግን ዝም ብለው አልቀሩም።

በመጀመሪያ ሰባተኛው ክንፍ በሕዝብ ብዛት አንደኛ በመውጣቱ የምስጋና ወረቀት መጣ። ቀጥሎ ሦስት መቶዎቹ አዲስ ነዋሪዎች በበዓሉ ዕለት መብራት ተሸክመው እንዲሰለፉ ተመረጡ። ሦስት መቶ ኮፍያ ተሰፋላቸው። ለልምምድ ተጠሩ፤ አልመጡም። ደግመው ተጠሩ፤ አልመጡም። በሦስተኛው ጥሪ በእምቢተኝነት ተከሰሱ። ሊይዟቸው ሰዎች ሄዱ፤ ከረጢት ሁሉ ፈተሹ፤ አንድም አላገኙም። አለመገኘታቸው ተደብቀዋል ማለት ነው ተባለ። የሚደብቃቸው ማነው? ባሏ የሞተባት፣ አንድ ከረጢት ባዶ ያላት ሴት አለች። እናኑን ሦስት መቶ ሰው በአንድ ከረጢት በመደበቅ ያዟት።

ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን አነሳች። "እኔም ልምጣ፣ እናገራለሁ" አልኳት። "ማጣሪያውን ማን ይለውጣል?" አለችኝ። ያ ብቻ ነው መልሷ። እኔም ቀረሁ ማለት ይቻላል፤ ሄጃለሁ፣ ግን ከተመልካቹ መካከል ነበርኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ግን ነቅዟል።

በከተማችን ተከሳሽ ገመድ አይሰጠውም። በታላቁ አዳራሽ መካከል ይለቀቃል፤ የሚጨብጠው ነገር የለም። እጁ ባዶ የሆነ ሰው እውነቱን ይናገራል ተብሎ ነው። ማንጠግቦሽ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ስላለች፣ እናኑን ከመካከል አውጥተው እሷን ለቀቋት። አቶ ጉልላት ከባለ ጢሙ ሥዕል ሥር ቀበቶውን አስሯል።

"ሦስት መቶዎቹ የት ናቸው?" አለ።

"የትም የሉም። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ይህች ሴት ምንም አታውቅም።"

አዳራሹ ተንጫጫ።

"ስሌቱ ቆጥሯቸዋል" አለ አቶ ጉልላት።

"ስሌቱ ያልኩትን ነው የሚቆጥረው። አየሩ ይደባለቃል አልኩት፤ ይደባለቃል አለ። ሦስት መቶ ሰው አለ አልኩት፤ አለ አለ። ሁለቱም ውሸት ነው፣ ክቡር ሹም። የመጀመሪያው ውሸቴ ሰው ገድሏል። ሁለተኛው አልገደለም።"

ይህን ስትናገር ከቦታዋ መንሸራተት ጀምራለች። ለበዓሉ የአዳራሹ ማራገቢያዎች እስከ መጨረሻው ተከፍተው ነበርና ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ግራው ግድግዳ ይወስዳታል። የምትይዘው ገመድ የላትም።

"እዩኝ" አለች። "እየሄድኩ ነው። እዚህ ነፋስ አለ፤ ይወስደኛል። ከአፌ የወጣውንም ይወስደዋል። በሰባተኛው ክንፍ ብትለቁኝ ግን ባለሁበት ነው የምቆመው። አንድ ሙሉ ፈረቃ ብትጠብቁ ከዚያችው አልነቃነቅም። ከአፌ የሚወጣውም እንደዚያው። ሌላ መለኪያ አያስፈልጋችሁም፤ ሰው ለቃችሁ ማየት ነው።"

አቶ ጉልላት ጨርቁን አወጣና ግንባሩን ያዘ። ለአንድ አፍታ የገባው መሰለኝ፤ እንዲያውም ገብቶታል ብዬ እምላለሁ። ጸሐፊው ግን ጎንበስ ብሎ፣ "ክቡር ሹም፣ ተከሳሿ ፍርድ ሳይሰጥ ችሎቱን ትታ እየሄደች ነው፤ እንዴት ልጻፈው?" ሲል ጠየቀ። አቶ ጉልላትም ወደለመደው የሕግ ቃል ተመለሰ።

ፍርዱ እንዲህ ነበር። ሦስት መቶዎቹ በስሌቱ ስለተቆጠሩ አሉ፤ የሉም ማለት ስሌቱን መዝለፍ ነው። ባለመታዘዛቸው ከመዝገብ ይሰረዙ። እናኑ ትለቀቅ። ማንጠግቦሽ ከሥራዋም ከመዝገቡም ተሰርዛ፣ አየሩ ንጹሕ መሆኑን በገዛ እስትንፋሷ እንድታረጋግጥ በሰባተኛው ክንፍ ትኑር። ከመዝገብ የተሰረዘ ሰው ይተነፍሳል ተብሎ በስሌቱ አይታሰብም።

ፍርዱ ሲነበብ እሷ ከግድግዳው ደርሳ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር። ዘወር ልትል ሞከረች፤ የምትገፋበት ነገር አጣች። ተመልካቹ ሁሉ ሲወጣ ሄጄ እጇን ያዝኳት።

"ሰሙኝ?" አለችኝ።

"ሰምተውሻል።"

"እንግዲያው እሺ" አለች። ድካሟ ያኔ ነው ያስፈራኝ።

ሰባተኛው ክንፍ ስንደርስ ማራገቢያዎቹ ዘግይተዋል። የተሰቀለው ልብስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናኑ በር ላይ ነበረች፤ የማንጠግቦሽን ከረጢት ተቀብላ ከራሷ ከረጢት ጎን አሰረችው። ማንጠግቦሽ ከጥግ እስከ ጥግ በመለኪያዋ ዞረችና፣ "የሙጫ ማስቀመጫ ቆርቆሮ አላችሁ? ክዳኑ" አለች።

እናኑ ሰፊ ክዳን አመጣች። ማንጠግቦሽ እግሯን በገመዱ አጠላልፋ ከአንድ የተኛ ሽማግሌ ፊት ፊት ክዳኑን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ጀመረች። በሌላ እጇ መለኪያውን ያዘች። መርፌው ትንሽ ቆየና መውረድ ጀመረ።

"በአሥር ትንፋሽ አንዴ ይበቃል" አለች። "አንድ ሰው ስድስት ሰው ያራግባል። የነቃ ላልነቃው።"

ተራ ወጣ። ከፈረቃ የሚመለስ ሰው ከመተኛቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያራግባል፤ ከዚያ እሱ ሲተኛ ሌላው ያራግብለታል። ክንድ ይዝላል። ሥራው ላይ ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች ተኝተንም አናርፍም፣ ነቅተንም አናርፍም ብለው ተጣሉ፤ ከክዳን ክዳን መረጡ፤ ሰነፍ ተራውን ሲያሳልፍ ተሰደበ። እኔም ማጣሪያ ለውጬ ስጨርስ እየሄድኩ ተራ እገባ ነበር። ስም የሚረሳ ሰው ግን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማንም ፊቱን ወደ ጥጉ አዙሮ አልሞተም።

አቤቱታ ስላልመጣ የስሌቱ ትክክለኛነት ተረጋገጠ። በበዓሉ ላይ የሰባተኛው ክንፍ አየር ምሳሌ ሆኖ ተጠቀሰ። በተገኘው ትምህርት መሠረት የሦስተኛው፣ የአራተኛውና የሹማምንቱ መኖሪያ የሆነው የመጀመሪያው ክንፍ ማራገቢያዎችም በግማሽ እንዲዘገዩ ተወሰነ።

ወር ሳይሞላ አንድ ቀን፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣ አቶ ጉልላት የመኝታ ከረጢቱን በብብቱ ሸጉጦ ሰባተኛው ክንፍ በር ላይ ቆመ። ብቻውን ነው። ፊቱ አብጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። እናኑ ተራ ላይ ነበረች፤ ማራገቧን አላቆመችም።

"እዚህ... ቦታ ይኖራል ወይ ብዬ ነው" አለ። "ባለቤቴ ትናንት አልነቃ ብላኝ... ነቃች፣ ተመስገን፣ ግን ቆየች። እኔ ከሁለት ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ..." ቃሉን አልጨረሰውም።

እናኑ ለረጅም ጊዜ አየችው። ክንፉ በሙሉ አየው። ማንጠግቦሽም ከኋላ ነበረች፤ ሁለት ሰዓቷን ጨርሳ ክዳኑን የሚቀበላት ሰው እየጠበቀች። ያን ዕለት ተረካቢዋ ታሞ ቀርቶባት ሦስተኛውን ሰዓት ጀምራለች።

"ቦታማ አለ" አለች እናኑ በመጨረሻ። "የባሌ ከረጢት የነበረበት አለ። ግን መጀመሪያ ተራ ነው፣ አቶ ጉልላት። ባለቤትዎንም ያምጧት፤ እሷም ተራ ትገባለች። በመዝገብ ያለም የሌለም እዚህ እኩል ነው የሚያራግበው።"

"እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም" አለ።

ማንጠግቦሽ ቀዝፋ መጣችና ክዳኑን በእጁ አስያዘችው። እግሩን በገመዱ እንዴት እንደሚያጠላልፍ አሳየችው። አንድ ጊዜ ክንዱን ይዛ አወዛወዘችለት።

"በአሥር ትንፋሽ አንዴ" አለችው። "የራስዎን አይቁጠሩ፤ የተኛውን ሰው ይቁጠሩ።"

ከዚያ ከረጢቷ ውስጥ ገባች፤ ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። አቶ ጉልላት ክዳኑን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የእሷን ትንፋሽ መቁጠር ጀመረ። የመጀመሪያውን ሲያራግብ አበዛውና ፀጉሯ ተበተነ። ሁለተኛው አነሰ። ሦስተኛው ልክ ሳይመጣለት እሷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።